ትልቅ ሰው ሆኖ ጌም ኮንሶል መግዛት፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ሰሞኑን ማታ ላይ አንድ ጓደኛዬ ደወለና «ፕሌስቴሽን ልገዛ አስቤ ነበር፣ ግን ግራ ገባኝ» አለኝ። አርባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ሥራ ያለው፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ጌም የነካው ፕሌስቴሽን 2 ላይ ነው። ያኔ ነገሩ ቀላል ነበር፣ ዕቃውን ገዝተህ ቲቪው ላይ ትሰካለህ፣ ሲዲ ትከታለህ፣ ትጫወታለህ፣ አለቀ። አሁን ሲያይ ዲጂታል የሚባል አለ፣ ፕሮ የሚባል አለ፣ በየወሩ የሚከፈል የሆነ ነገር አለ፣ ጭራሽ ሲዲ የማይቀበል ኮንሶልም አለ። ብዙ አወራን፣ ስልኩን ስዘጋ ግን የሱ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ እንደሆነ ታየኝ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው መልስ ደግሞ አብዛኛው ቀኑን ሙሉ ጌም ላይ ለሚውል ሰው የተጻፈ ነው።

ከልጅነት የሚለየን ዋናው ነገር ብር አይደለም። ልጅ እያለን ጊዜ ነበረን ብር አልነበረንም፣ አሁን ብሩ እንደምንም ይገኛል ጊዜው ነው የጠፋው። ስለዚህ «የቱ ማሽን ይበልጣል» ከሚለው በፊት «በሳምንት ስንት ሰዓት አለኝ፣ ሰዓቱስ መቼ ነው» የሚለው መቅደም አለበት ባይ ነኝ፣ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ የሚዞረው እዛው ላይ ነው።

ኮንሶል ከኮምፒውተር በምን ይለያል?

ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩት ኮንሶል ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር አለው፣ ምስል የሚሠራ ቺፕ አለው፣ ሜሞሪና ማስቀመጫ አለው። ልዩነቱ አንድ ሞዴል ኮንሶል የትም ቢገዛ ውስጡ ያው መሆኑ ነው። ለኮምፒውተር ጌም የሚሠራ ሰው አይቶት ለማያውቀው ሕዝብ ሁሉ ልብስ እንደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው፣ ወፍራሙም ቀጭኑም ይለብሰዋል። ለኮንሶል የሚሠራው ግን ልኩን ወስዶ ነው የሚሰፋው። ለዚህ ነው ኮንሶል ላይ «ይሄ ጌም የኔ ላይ ይሠራል አይሠራም» ብሎ መጨነቅ የሌለው፣ የኮንሶላችሁ ስም ካለበት ይሠራል።

«ትውልድ» ሲባል ትሰማላችሁ። ትውልድ ማለት አንድ ኮንሶል ወጥቶ ቀጣዩ እስኪተካው ያለው ጊዜ ነው። ፕሌስቴሽን 3 በ2006፣ 4 በ2013፣ 5 ደግሞ በ2020 ነው የወጡት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ ማለትም በየ7 ዓመቱ። ኔንቲዶ ስዊች በ2017 ወጥቶ ስዊች 2 የመጣው በ2025 ነው። አዲስ ሲወጣም አሮጌው በአንዴ አይሞትም፣ ለተወሰኑ ዓመታት ጌም ይወጣለታል። ስለዚህ ኮንሶል እንደ ስልክ በየሁለት ዓመቱ የሚያሳድድ ዕቃ አይደለም፣ አንዴ ከተገዛ ለረጅም ጊዜ ሌላ ግዛ ብሎ አያስቸግራችሁም።

ትንሽ ብጠብቅ ዋጋው አይቀንስም?

ድሮ ይቀንስ ነበር። ፕሌስቴሽን 2 አሜሪካ ውስጥ በ2000 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፣ በ2002 ወደ 199 ወረደ፣ በ2009 ደግሞ 99 ዶላር ገባ። የጠበቀ ሰው በሲሶ ዋጋ ገዛ። ፕሌስቴሽን 5 ግን በ2020 ሲዲ ያለው 499 ዶላር ወጥቶ በ2025 ኦገስት ላይ እዛው አሜሪካ 549 ሆነ፤ አምስት ዓመት ያረጀ ዕቃ ዋጋው ወጣ ማለት ነው። የማይክሮሶፍት ኮንሶል የሆነው ኤክስቦክስም በዛው ዓመት ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨምሯል።

ለምን? ድሮ ቺፕ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በየጥቂት ዓመቱ ያንኑ ቺፕ አሳንሰው መሥራት ሲችሉ ወጪያቸው ይቀንስ ነበር። አሁን የማሳነሱ ቴክኖሎጂ ራሱ በጣም ውድ ስለሆነ ያ ቅናሽ እንደድሮው አይገኝም። በዛ ላይ የዋጋ ንረቱ አለ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ታሪፍ አለ።

ሌላው መረዳት ያለባችሁ ነገር ድርጅቶቹ ዋናውን ብር ከሳጥኑ አለማግኘታቸው ነው። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በነበረ አንድ ክስ ላይ የማይክሮሶፍት ኃላፊ ቀርበው ኤክስቦክስን የሚሸጡት በኪሳራ እንደሆነ መስክረዋል። ብሩ የሚመጣው በኋላ ነው፦ በኮንሶሉ ስቶር ከሚሸጥ ከእያንዳንዱ ጌም በተለምዶ 30 በመቶው ኮንሶሉን ለሚሠራው ድርጅት ይገባል፣ በየወሩ የሚከፈለውም አለ። ፕሪንተሩን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከቀለሙ እንደመልቀም ነው። ስለዚህ በጀት ስታወጡ የሳጥኑን ዋጋ ብቻ አትያዙ፣ ሁለት ሦስት ጌም ጨምሩበት፣ ከቤት ሰው ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ሁለተኛ ጆይስቲክም ጨምሩበት።

በነገራችን ላይ የኮንሶሉ ዋጋ ባይወርድም የጌሞቹ ይወርዳል። አንድ ትልቅ ጌም ሲወጣ 70 ዶላር ከሆነ ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፈው በቅናሽ ሰሞን በግማሽና ከዛም በታች ይገኛል፣ ያኔ ደግሞ ሲወጣ የነበሩበት ብልሽቶች በአፕዴት ተስተካክለዋል። (ኔንቲዶ ራሱ የሚሠራቸው እነ ማሪዮ ብዙም አይወርዱም፣ እሱን አስቡበት።) ትውልዱ ከተጋመሰ በኋላ የሚገባ ሰው ዘግይቻለሁ ብሎ ማዘን የለበትም፣ እንደውም የተሻለ ጊዜ ነው፣ ምርጥ ምርጦቹ ወጥተው ተፈትነው ረክሰው ይጠብቁታል።

ጊዜ የለኝም እኮ፣ ገዝቼው አቧራ ቢለብስስ?

ስጋቱ ትክክል ነው፣ ለብዙ ሰው የሆነ ነው። በቁጥር እንየው። በሳምንት 4 ሰዓት ብታገኙ በዓመት 200 ሰዓት ገደማ ነው። አጫጭር ጌሞች ከ8 እስከ 15 ሰዓት ይፈጃሉ፣ ትልልቅ ታሪክ ያላቸው 40 እና 50፣ ዓለማቸው ሰፊ የሆኑት ደግሞ 100 ይዘላሉ። ባለ 50 ሰዓቱን በሳምንት በ4 ሰዓት ስትሄዱበት 3 ወር ያልፋል። ስለዚህ በዓመት የምትጨርሱት አራት ትልቅ ጌም ነው፣ እሱም ሌላ ምንም ካልነካችሁ። ይሄን ሒሳብ አንዴ ከሠራችሁ ምን መግዛት እንዳለባችሁ ብዙው ይገለጥላችኋል። ስምንት ጌም በአንዴ መግዛት ለሁለት ዓመት የሚበቃ መግዛት ነው፣ እስከዛ ደግሞ ዋጋቸው ግማሽ ይሆናል።

ደስ የሚለው ነገር የዛሬ ኮንሶል ለተቆራረጠ ጊዜ ከድሮው በጣም ይሻላል። ፕሌስቴሽን 2 ላይ ያቺ 8 ሜጋባይት የሆነች ሜሞሪ ካርድ ትዝ ትላችኋለች? ሴቭ ማድረጊያው ቦታ እስክትደርስ ማጥፋት አትችልም፣ እናት «ና ብላ» ስትል «አንድ ደቂቃ፣ ሴቭ ላድርግ» እያልን ግማሽ ሰዓት እናስቆማት ነበር። አሁን ሬስት ሞድ የሚባል አለ፣ ኮንሶሉ እንደ ስልክ ይተኛል። ልጅ ቢያለቅስ፣ ስልክ ቢጠራ፣ እንቅልፍ ቢጥላችሁ ቁልፏን ተጭናችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ስትመለሱ ገጸ ባሕሪው እግሩን ባነሳበት ይጠብቃችኋል። አንድ ጥንቃቄ፦ ፕሌስቴሽን 5 በዚህ እንቅልፍ ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ሴቭ ያልተደረገው ይጠፋል፣ አዲሶቹ ኤክስቦክሶች ግን የቆማችሁበትን ማስቀመጫው ላይ ስለሚጽፉት መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ይመልሱላችኋል።

የሬስት ሞድ ሁለተኛው ጥቅም ትልቅ ሰው ላይ ነው የሚታየው። እኔ ለረጅም ጊዜ ኮንሶሌን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ነበር የምተወው። አንድ ቀን ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት ማታ ደረሰ፣ ልጁ ተኝቷል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ አበራሁት፣ ስክሪኑ ላይ «አፕዴት ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍና ከታች የማትንቀሳቀስ የምትመስል ሰማያዊ መስመር። ሃያ ደቂቃ አየኋት፣ አርባ ደቂቃ አየኋት፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጨረሰ፣ እኔ ግን ዓይኔ ተከድኖ ነበር። በጣም ከፋኝ፣ ምክንያቱም ለኔ ያ የአንድ ማታ ጉዳይ አይደለም፣ የሳምንቱ ብቸኛ ሰዓት ነው። ሬስት ሞድ ላይ ቢሆን ኖሮ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ራሱ አውርዶ ይጠብቀኝ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንዴ ማብራት ብቻ ነው፣ የዛን ቀን የነገረኝ ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ።

ሲዲ ያለው ይሻላል ወይስ ዲጂታሉ?

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ረከሰልኝ ብሎ ዲጂታሉን ገዝቶ በኋላ ይቆጨዋል።

ዲጂታል ማለት የሲዲ ማስገቢያ የሌለው ነው፣ ጌሙን የምታገኙት ከኮንሶሉ ስቶር በኢንተርኔት አውርዳችሁ ብቻ ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ጭራሽ ማስገቢያ የለውም። ፕሌስቴሽን 5 ፕሮ፣ ማለትም ኃይሉ የጨመረው ሞዴል፣ ውዱ ሆኖ ሳለ ማስገቢያው ለብቻ ነው የሚገዛው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ያለው ቀጠን ያለው ፕሌስቴሽን 5 ላይ ደግሞ ዲጂታሉን ገዝታችሁ ማስገቢያውን በኋላ መቀጠል ትችላላችሁ፣ ሲቀጠል አንዴ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ሲዲ ስትገዙ ዕቃ ነው የገዛችሁት። ጨርሳችሁ ትሸጡታላችሁ፣ ለጓደኛ ታውሳላችሁ፣ ያገለገለ በርካሽ ትገዛላችሁ። ከስቶር ስትገዙ ግን የገዛችሁት ፈቃድ ነው፣ በአካውንታችሁ የመጫወት ፈቃድ። አይሸጥም፣ አይወረስም፣ የምትገዙበት ሱቅም አንድ ብቻ ስለሆነ ዋጋ አማርጣችሁ አትገዙም። ይሄ ነገር ብዙ ሰው ስላሳሳተ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ የዲጂታል ሱቆች «የምትገዙት ፈቃድ ነው» ብለው በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዷል። ስቶሩ ራሱም ዘላለም አይኖርም፦ ኔንቲዶ የድሮ ኮንሶሎቹን፣ የ3ዲኤስንና የዊ ዩን፣ ስቶር በማርች 2023 ዘግቷል፣ ቀድሞ የገዛ ማውረድ ቻለ እንጂ ከዛ ቀን በኋላ አዲስ መግዛት ቀረ።

በሌላ በኩል ዲጂታሉ ለትልቅ ሰው ምቾት አለው፣ አልዋሽም። ከሶፋ ሳትነሱ ጌም ትቀይራላችሁ፣ ሲዲ አይጫርም፣ ልጅ አይሰብርም። እና ሲዲ ስላለ ኢንተርኔት አያስፈልግም ማለትም አይደለም፣ የዛሬ ሲዲ ጌሙን ኮንሶሉ ላይ ይጭነዋል፣ ከዛ አፕዴት ይጠይቃል። ስዊች 2 ላይ ደግሞ ካርድ ሆነው የሚሸጡ ግን ውስጣቸው ጌሙ የሌለ አሉ፣ ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጌሙን ከኢንተርኔት ታወርዱታላችሁ፤ ሽፋኑ ላይ ስለሚጻፍ ሳታነቡ አትግዙ።

ቤት ውስጥ የፕሌስቴሽን 4 ሲዲዎች ካሏችሁ ፕሌስቴሽን 5 ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉንም ያጫውታቸዋል፣ ማስገቢያ ካለው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የኤክስቦክስ ዋንን ሲዲዎችና ብዙ የድሮ ኤክስቦክስ ሲዲዎችን ይቀበላል። ዲጂታሉን የገዛ ግን ያ ሁሉ ሲዲ ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል።

የኔ ሐሳብ፦ ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ወይም ጌም ጨርሳችሁ የምትሸጡ ሰዎች ከሆናችሁ ሲዲ ያለውን ግዙ፣ የዋጋ ልዩነቱን ጥቂት ያገለገሉ ጌሞች ይመልሱታል።

ኢንተርኔቴ ይበቃል?

የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፣ የጌም መጠን የሚነገረው በጊጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ሰዉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። 100 ጊጋባይት የሆነ ጌም (ትልልቆቹ እዚህ ይደርሳሉ፣ የሚያልፉም አሉ) በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ሳይቆራረጥ ቢወርድ 22 ሰዓት ይፈጃል። በ50 ሜጋቢት አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ማውረዱ ከተቋረጠ ካቆመበት ስለሚቀጥል እሱ አያስጨንቃችሁ፣ የሚያስጨንቀው በጊጋ የሚቆጠር ጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ ነው፣ አንድ ጌም የወሩን ሊበላው ይችላል።

ቦታውም ያልቃል። የመጀመሪያው ፕሌስቴሽን 5 ማስቀመጫው 825 ጊጋ ይባላል እንጂ ለጌም የሚቀረው 667 አካባቢ ነው። ግን በሳምንት 4 ሰዓት ለሚጫወት ሰው ይሄ ይበቃል፣ አንዱን ጨርሶ አጥፍቶ ሌላውን ይጭናል፣ ተጨማሪ ማስቀመጫ ለመግዛት አትቸኩሉ። ስዊች 2 የሚገዛ ግን አንድ ነገር ይወቅ፣ ስዊች 2 የሚቀበለው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ካርድ ነው፣ ቤት ያለው ተራው ሜሞሪ ካርድ የስዊች 2 ጌም አይጭንም።

በየወሩ መክፈል ግዴታ ነው?

አይደለም። ብቻችሁን የምትጫወቱት ታሪክ ያለው ጌም ወይም ከጎናችሁ ከተቀመጠ ሰው ጋር የምትጫወቱት ኳስ ምንም ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቅም። ክፍያው የሚመጣው ገዝታችሁ የያዛችሁትን ጌም በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ስትጫወቱ ነው፤ ሦስቱም፣ ሶኒም (የፕሌስቴሽን ባለቤት) ማይክሮሶፍትም ኔንቲዶም፣ ለዚህ ያስከፍላሉ። እንደ ፎርትናይት ያሉ በነጻ የሚሰጡ ጌሞች ግን ያለዚህ ክፍያ ኦንላይን ይሠራሉ።

ከዛ ከፍ ያለው ክፍያ አለ፣ እንደ ማይክሮሶፍቱ ጌም ፓስ ያለው፣ በወር ከፍላችሁ በመቶ የሚቆጠር ጌም ይከፈትላችኋል። ቡፌ ማለት ነው። ቡፌ የሚያዋጣው ብዙ ለሚበላ ነው፣ በዓመት አራት ጌም ለሚጨርስ ሰው አራቱን በቅናሽ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ መክፈል ስታቆሙም አብሮ አይዘጋባችሁም። አንድ ወር ከፍሎ የፈለጉትን ሞክሮ መሰረዝ ግን ጥሩ ዘዴ ነው፣ በራሱ እንዳይታደስ ማጥፋቱን አትርሱ እንጂ።

አዲስ ቲቪም መግዛት አለብኝ?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ያለው ቲቪ ሁሉ ይሠራል። ያቺ ቀይ ነጭ ቢጫ ገመድ ብቻ ያላት የድሮ ቲቪ ግን መቀየሪያ ካልተገዛላት አትሠራም፣ የአሁን ኮንሶሎች ያን መውጫ ትተውታል።

ቪዲዮ ላይ «60 ፍሬም» «120 ፍሬም» ሲሉ የሚያወሩት በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚታይ ነው። ልጆች ሆነን ደብተር ጥግ ላይ ትንንሽ ሥዕል ሥለን ገጹን ቶሎ ቶሎ ስናገላብጥ ሥዕሉ ሲራመድ እናይ ነበር፣ እንደዛ ነው፣ ገጹ ሲበዛ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። በ30 ፍሬም አንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ60 ደግሞ 17 ገደማ። ልዩነቱ ኳስና ተኩስ ላይ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። አብዛኞቹ አዳዲስ ጌሞች ሴቲንግ ውስጥ ምስሉ የጠራ ይሁን ወይስ ፍጥነቱ ይጨምር ብለው ያስመርጣሉ፣ እኔ ፍጥነቱን እመርጣለሁ።

ከምስል ጥራት በላይ ግን ቲቪው ላይ ጌም ሞድ የምትባለውን ፈልጋችሁ አብሩ። ቲቪ ምስሉን ለማሳመር እያንዳንዱን ምስል ትንሽ ይዞ ያስተካክላል፣ ፊልም ላይ አይታወቅም፣ ጌም ላይ ግን አንዳንድ ቲቪ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚያዘገይ ቁልፉን ተጭናችሁ ሰውየው ቆይቶ ይዘላል። ብዙ ከርመው የተመለሱ ሰዎች «አረጀሁ መሰለኝ፣ እጄ ዘገየ» ሲሉ እሰማለሁ። እጃችሁ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ቲቪውን እዩት።

ታዲያ የቱን ልግዛ?

ኃይል አታወዳድሩ፣ ጌም አወዳድሩ። ወረቀት አውጡና በእውነት መጫወት የምትፈልጉትን ሦስት ጌም ጻፉ። ሦስት መጻፍ ካቃታችሁ ለጊዜው አትግዙ፣ የናፈቃችሁ ጌሙ ሳይሆን ያኔ የነበረው ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ለሱ ደግሞ የድሮውን ፕሌስቴሽን ከሳጥን አውጥቶ አንድ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር መቀመጥ ይበቃል።

ማሪዮና ዜልዳ የሚገኙት ኔንቲዶ ላይ ብቻ ነው። ሶኒ ታሪክ ባላቸው ጌሞች ጠንካራ ነው። ማይክሮሶፍት የራሱን ጌሞች ኮምፒውተር ላይም ያወጣል፣ ቅርብ ጊዜ ደግሞ ፕሌስቴሽን ላይም ማውጣት ጀምሯል፣ ፎርዛ ሆራይዘን 5 በ2025 ፕሌስቴሽን 5 ላይ ወጥቷል፣ ስለዚህ ደህና ኮምፒውተር ያለው ሰው ኤክስቦክስ ባይገዛም ብዙ አይቀርበትም። ከጓደኞች ጋር ኳስ መጫወት ነው ዓላማዬ ካላችሁ ደግሞ ክርክር የለም፣ ጓደኞቻችሁ የያዙትን ግዙ፤ አንዳንድ ጌሞች የተለያየ ኮንሶል ያላቸውን ቢያገናኙም ሁሉም አያደርጉም።

የሚረሳው ጥያቄ ቲቪው የማን ነው የሚለው ነው። ማታ ማታ ቤተሰቡ ድራማ የሚያይበት አንድ ቲቪ ብቻ ካለ እሱ ላይ የሚሰካ ኮንሶል ወይ አይነካም ወይ ጸብ ያመጣል። እንዲህ ላለ ቤት በእጅ የሚያዝ ይሻላል፣ ስዊች 2 ወደ 8 ኢንች የሚጠጋ ስክሪን አለው፣ ሲፈለግ ቲቪ ላይም ይሰካል። ኃይሉ ከፕሌስቴሽን 5 ያንሳል፣ ግን የምትጫወቱበት ኮንሶል ከማትጫወቱበት ይበልጣል።

ያገለገለ ብገዛስ?

ይቻላል፣ ግን ሳትሞክሩ አትክፈሉ። መጀመሪያ ጆይስቲኩን እዩ። በአውራ ጣት የምንገፋቸው ሁለቱ እንጉዳይ የሚመስሉ ነገሮች ሥር በጣም ትንሽ የብረት ምላስ አለች፣ ጥቁር የካርቦን መስመር ላይ እየተፋተገች የት እንዳለች ለኮንሶሉ ትናገራለች። በብዙ ሺ ጊዜ ስትፋተግ መስመሩ ያልቃል፣ ያኔ ሳትነኩት «ገፍታችሁኛል» ማለት ይጀምራል። የኔ አንዱ ጆይስቲክ እንዲህ ሆኖብኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ሻይ ላፈላ ሄጄ ስመለስ ተጫዋቹ በዝግታ ወደ ግራ እየሄደ ገደል አፋፍ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ጌም ክፈቱ፣ እጃችሁን አንሱ፣ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ።

ከዛ ሲዲ አስገቡ አስወጡ፣ ኤችዲኤምአይ ገመዱን ቀዳዳው ላይ ነካ ነካ አድርጉት ምስሉ ከጠፋ ቀዳዳው ላልቷል፣ ሃያ ደቂቃ አጫውታችሁ የፋኑን ድምፅ ስሙ። ኢንተርኔት ላይ በራሳችሁ አካውንት ግቡ፣ ምክንያቱም ድርጅቶቹ ሕግ ጥሷል ያሉትን ኮንሶል ራሱን ከኦንላይን ሊያግዱት ይችላሉ፣ እገዳው ባለቤት ሲቀየር አይነሳም። የሻጩ አካውንት እዛው ፊታችሁ ወጥቶ ኮንሶሉ ይጽዳ።

በዚህ ዕድሜ ጌም? ሱስ ቢሆንብኝስ?

የመጀመሪያው ፕሌስቴሽን ጃፓን ውስጥ የወጣው በ1994 ነው። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ጌም የሚጫወተው ሰው ብዙ ነው፣ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ሱሱን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ ራሱን ችሎ ገብቷል። መለኪያው ግን የሰዓት ቁጥር አይደለም፦ ማቆም ሲፈለግ ማቆም አለመቻል፣ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ መቅደሙ፣ ጉዳት እያደረሰም መቀጠል፣ ይሄም በተለምዶ ለ12 ወር ያህል ሲታይ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ ጠዋት ሥራው የሚገባ ሰው እዚህ ውስጥ የለም። እንቅልፋችሁ ግን ይነካል፣ እሱን በግልጽ መናገር አለብኝ፣ «አንድ ጨዋታ ብቻ» የሚባለው ነገር ሌሊቱን ይበላል፤ እኔ ስልኬ ላይ አላርም እሞላለሁ።

ልጆች ካሉ ለየልጁ የራሱን አካውንት ክፈቱለት፣ ዕድሜውን በትክክል አስገቡ፣ የሰዓት ገደብም የጌም ዕድሜ ገደብም ማስተካከል ይቻላል። ከሁሉ በላይ የባንክ ካርዳችሁ አካውንቱ ላይ ካለ በየግዢው የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጉ። በነጻ የሚሰጡት ጌሞች ብራቸውን የሚያገኙት ውስጥ ገብታችሁ ልብስና ምናምን ስትገዙ ነው፣ ልጅ ደግሞ ቁልፉን ሲጫን እውነተኛ ብር እየወጣ እንደሆነ አይታየውም።

ገዝቼ ቤት ስደርስስ?

የመጀመሪያውን ማታ ለመጫወት አትመድቡት። ዕቃውን ክፈቱ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ አየር በሚያገኝበት አስቀምጡት፣ ቲቪ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋችሁ አታፍኑት፣ ኢንተርኔት አገናኙት፣ የሲስተሙን አፕዴት ልቀቁ፣ ጌሙን ማውረድ አስጀምሩ፣ ሬስት ሞድ ላይ አውርድ የሚለውን አብሩና ሂዳችሁ ተኙ። ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዋስትናው ብዙውን ጊዜ 1 ዓመት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ነገር ሞክሩ፣ ሲዲ ማስገቢያውን፣ ሁሉንም የጆይስቲክ ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን፣ ዋይፋዩን፣ የተበላሸ ነገር ካለ ሱቁ በቀላሉ የሚቀይርላችሁ ያኔ ነው። በሁለተኛው ማታ ስታበሩት ጌሙ ወርዶ ይጠብቃችኋል።